የሚስ ዊኒ ወናፍ

ባለፈው ሳምንት፣ ሎንደን አርችዌይ ካለው አሮጌ የቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከኦርጋኑ ጎን ያለችውን፣ አጎንብሰው ካልሆነ የማይገቡባትን ትንሽ በር ስከፍት፣ የደረቀ ቆዳ፣ የሙጫና የአቧራ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ተቀበለኝ። ኦርጋኑን በየጊዜው እየመጣች የምታቃናው ወጣት ባለሙያ ከፊቴ ተንበርክካ፣ በእጅ ባትሪዋ ከታች ያለውን ትልቅ ወናፍ እያበራች፣ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀውን ቆዳ ታሳየኛለች። ማየቱንስ አየሁ፤ ግን ሽታው ቀድሞ ወስዶኝ ስለነበር ከምትለው ግማሹን አልሰማሁም። የእኛ የሐበሾቹ ምእመናን ተጠሪ ሆኜ ቁልፍ ከያዝኩ ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ያልገባሁበት ጓዳ የለም፤ በዚያች በር ግን ከልጅነቴ ወዲህ ገብቼ አላውቅም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እማዬና እኔ ሎንደን ከገባን ብዙም አልቆየንም፤ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የሰጠን ቤት ከአርችዌይ መጋጠሚያ ጀርባ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚበላሽበት ቀን የሚበዛ ፎቅ ላይ ነበር። እማዬ አዲስ አበባ ሳለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እዚህ ያገኘችው ሥራ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ማጽዳት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የእንግሊዞቹ ነው። እሑድ ጠዋት በጊዜ አምልከው ይወጡና ከረፋዱ ጀምሮ እኛ ኦርቶዶክሶቹ መጋረጃችንን፣ ከበሯችንንና ልጆቻችንን ይዘን እንገባለን። በሩ ላይ ስንተላለፍ እነሱ ስለ አየሩ አንድ ነገር ይላሉ፣ የእኛ ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ፣ ሁለቱም ወገን ትክክለኛውን ነገር አድርጌያለሁ ብሎ ደስ ብሎት ይለያያል።

ኦርጋን ሲባል ፒያኖ የሚመስለው ሰው አይጠፋምና ልናገር። ያ ኦርጋን የአንዲት ትንሽ ክፍል ቤት ያህላል፤ ከፊት ለፊቱ እርሳስ ከምታህለው ጀምሮ ከበር በላይ እስከሚረዝመው ድረስ የብረት ቧንቧዎች ተደርድረዋል፣ ከጀርባውም የማይታዩ ብዙ የእንጨት ቧንቧዎች አሉት። ሥሩ ደግሞ ሳንባው አለ። የአንጥረኛ ወናፍ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ይኸኛው የአልጋ ስፋት ያለው ወናፍ ነው፤ ሞተር አየር ሲሞላበት ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ አየሩ ወደ ቧንቧዎቹ ሲሄድ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፣ እጥፋቶቹና ጥጎቹም በስስ ቆዳ የተለበጡ ናቸው። ያ ቆዳ ከተቀደደ ድምፁ ይክሳል፣ ያቃስታል፣ በመጨረሻም ዝም ይላል።

የምትጫወተው ሚስ ዊኒ ነበረች። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናት፣ አጭር፣ ሹራቧን ሁልጊዜ በተሳሳተ ቁልፍ የምትቆልፍ ሴት ስትሆን፣ አግብታ ስለማታውቅ እማዬ በወጉ ወይዘሪት ዊኒ ብላ ትጠራታለች። ዓርብ ዓርብ እሷ ትለማመዳለች፣ እማዬ ትወለውላለች፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የኋላው አግዳሚ ላይ ዘርግቼ፣ የሙዚቃው ንዝረት በእንጨቱ አልፎ ክርኔን እየነካኝ፣ ሒሳብ ባሰላም ባላሰላም ግድ ሳይሰጠኝ እቀመጣለሁ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ሁለቱ ሴቶች ኦርጋኑ አጠገብ ሻያቸውን ይጠጣሉ። ሚስ ዊኒ ብስኩት ታወጣለች፣ እማዬ ድፎዋን ትቆርሳለች። እማዬ እንግሊዝኛ የላትም፣ ሚስ ዊኒም አማርኛ ከየት አምጥታ፤ ቢሆንም አንዷ በአማርኛ ታወራለች፣ ሌላዋ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ የጉልበት ሕመም ሲሆን ጉልበት ይታሻል፣ የሞተ ሰው ሲሆን ወደ ላይ ይታያል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ስለምን እንደሚያወሩ ብጠይቃት፣ እማዬ በጥያቄዬ ተገርማ፣ «ስለ ሁሉም ነገር ነዋ» አለችኝ።

ሌላ ወዳጅ አልነበራትም። የማኅበሩ ሴቶች መልካም ነበሩ፤ ነገር ግን ሁሉም ባል፣ ልጅ፣ ሺፍት ይዟቸው እሑድን ካልሆነ አይገኙም። የእማዬ ሳምንት ዓርብ ላይ ይጀምርና ዓርብ ላይ ያበቃ ነበር።

ነገሩን ያመጣው እግራችን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ አገራችን ሳለን ይህ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም፣ የአርችዌይ ቤተ ክርስቲያን ወለል ግን ድንጋይ ነው፣ በብርዱ ወራት ቅዝቃዜው ከተረከዝ ተነሥቶ ጥርስ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች የእንግሊዞቹን ቄስ አስፈቅደው ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። የሚከፍተው ብዙ ነው፣ ለመዝጋት የሚያስታውስ ግን አልነበረም። ቤቱ እስከ ሰኞ፣ አንዳንዴም እስከ ረቡዕ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ይግላል። አሮጊቶቻችን እግራቸው ሞቆላቸው ቆመው ያስቀድሳሉ፣ እኛ ልጆቹ በላብ ተጠምቀን እንተኛለን፤ እንጨትና ቆዳ በሙቀት እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ ማናችንም አላሰብንም።

መጀመሪያ ከትልልቆቹ ቧንቧዎች አንዱ ዝም አለ። ቀጥሎ ሚስ ዊኒ እጇን ካነሳች በኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን መጮሁን ቀጠለ። ከዚያ አንድ ዓርብ ከሥር እንደ ብርድ ልብስ መቀደድ ያለ ድምፅ ተሰማና ሁሉም ነገር ቀስ እያለ ወደ ታች ወርዶ ጠፋ። ሚስ ዊኒ እጆቿን ቁልፎቹ ላይ እንዳሳረፈች ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ባለሙያው ኬን፣ ረጅም፣ ሱሪው ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ አቧራ የያዘ ሰው፣ መጥቶ በትንሿ በር ገባና ሲወጣ አንገቱን ነቀነቀ። ለእማዬ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ፦ ጥጉ ተቀዷል፣ የቀረውም ቆዳ አይቆይም፣ ይኼ ሁሉ የሙቀቱ ሥራ ነው፣ እንደገና መለበጥ የወራት ሥራ ነው፣ እሱ ደግሞ ብቻውን ነው።

ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፋቱም ይህ ነው፣ ሐሳባቸው ደግ ነበር። ኦርጋኑ ከሞተ ይነሣ፣ ቦታው ለሐበሾቹ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ይሁን አሉ። የእኛ ሰዎች ሲሰሙ እልል ማለት ነው የቀራቸው። እኛ ልጆቹ ያን ጊዜ የምንማረው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በተደራረቡ ታጣፊ ወንበሮች መሐል ነበር፤ እኔም ብሆን መስኮት ያለው ክፍል አልጠላም። ግን ሚስ ዊኒ በዚያው ሰሞን ለእማዬ፣ በእኔ በኩል፣ ኦርጋኑ ከወጣ ሎንደን የሚያስቀምጣት ነገር ስለሌለ ሰሜን ካለችው የእህቷ ልጅ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረቻት።  ያን ምሽት እማዬ እራቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች።

በማግስቱ ወደ አለቃ ጥሩነህ ሄድን። አለቃ የማኅበራችን ከበሮ መቺም ጠጋኝም ነበሩ፤ ከዊልስደን ሁለት አውቶቡስ ቀይረው የሚመጡ፣ ከኮታቸው ላይ ጋቢ የሚደርቡ ሽማግሌ። እማዬ ጉዳዩን ስታስረዳቸው እስክትጨርስ አልጠበቁም።

«ቆዳ ነው ያልሽኝ? ቆዳ ከሆነ ምን ያስጨንቅሻል!»

ሚስ ዊኒን አስፈቀድናት። ከዚህ የባሰ ሊበላሽ አይችልም አለች፤ እንደሚችል ወዲያው ታየ። አለቃ ለከበሮ ያዘጋጁትን የበሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ነክረው አመጡና በትንሿ በር ገብተው፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እየተነፈሱና መዝሙር እያንጎራጎሩ፣ የተቀደደውን ጥግ ሸፍነው፣ ጠፍሩን በወናፉ ዙሪያ ደጋግመው ጠምጥመው፣ በሚያውቁት ሙያ በሙሉ ወጠሩት። ሲደርቅ በጣታቸው ቢመቱት ጥሩ የከበሮ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ የተሻለ ማረጋገጫ አላስፈለገንም።

እሑድ ጠዋት እማዬ፣ አለቃና እኔ በእንግሊዞቹ ሰዓት ገብተን ከኋላ ተቀመጥን። አለቃ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተመልካች እንዳለው ሰው ኮራ ብለዋል። ሚስ ዊኒ ሞተሩን አስነሣች፣ የመግቢያውን መዝሙር የመጀመሪያ ድምፆች ነካች፣ ኦርጋኑም ጮኸ። ዜማ አልነበረም፣ ጩኸት ነው፤ ሁሉም ቧንቧ በአንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ተነፍቶ ያወጣው፣ ሕፃናትን ያስለቀሰና ቄሱን ከመቀመጫቸው ያስነሣ ጩኸት። ለካ ወናፍ ሲሞላ ከፍ ማለት አለበት፤ ከፍ ሲል ነው የሚገባውን አየር የሚቀንሰው። የእኛ ወናፍ ታስሮ ስለተወጠረ ንቅንቅ አላለም፣ አየሩም ዝም ብሎ ይገባል። ሚስ ዊኒ ሞተሩን አጥፍታ ጀርባዋን እንደሰጠችን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማዬ አለቀሰች ብላ ሮጣ ሄደች፤ ስትደርስ ሴትዮዋ ዕንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች ነው። አለቃ ግን አልሳቁም። «የበሬው ቆዳ ጥሩ ነበር» እያሉ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሄዱ።

ኬን ሰኞ መጥቶ ያየውን አይቶ ሲወጣ፣ እማዬ እንደ ተከሳሽ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሰውየው ጠፍሩን በእጁ ይዞ አገላበጠውና ይህን ያሰረ ሰው የት እንዳለ ጠየቀኝ። አስሮ የማያውቀው ዓይነት ቋጠሮ ስለነበረ ሊማረው ፈልጎ ነው። ከዚያ ከቦርሳው አንድ ስስ የበግ ቆዳ አወጣ፤ የለፋ፣ ነጭ፣ በጣት መሐል የሚተላለፍ። ይኼ የማይወጠር ነው፣ መታጠፍ አለበት፣ ሥራው ሁሉ መላላቱ ላይ ነው አለ። እማዬ ቆዳውን ተቀብላ ዳሰሰች፣ አሸተተችና፣ ያለ አንዳች ማስረጃ፣ «የመንዝ በግ ናት» ብላ ፈረደች። ኬን ከየት እንደመጣ እንደማያውቅ ቢናገርም አልተቀበለችውም። የሚረዳኝ ሰው ካገኘሁ፣ ቤቱም እንዲህ መጋሉን ካቆመ፣ እሠራዋለሁ አለን።

እንግዲህ የቀረው የእኛ ሰዎች ጉባኤ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ስለ አዲሱ ክፍል ቀለም ሳይቀር ክርክር ተጀምሮ ነበር። በጉባኤ ተናግራ የማታውቀው እማዬ ተነሣች፤ ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች።

«እኛ እዚህ ቤት ተጠግተን ነው የገባነው እንጂ ማንንም አስለቅቀን አይደለም። ያቺ ሴትዮ ይህ ነገር ከወጣ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች እኔ በዚህ አገር የማወራው ሰው የለኝም። ክፍሉ ይቆየን፤ ሂተሩንም ዝቅ እናድርገው።»

 ከዚያ አቶ ዘሪሁን የሚባሉ ባለታክሲ፣ ክፉ ሰው ሳይሆኑ ሁሉንም ነገር ከፊት አስቀድመው የሚፈሩ፣ እጃቸውን አወጡ።

«እትዬ አስካለ፣ ሂተሩ ዝቅ ይበል ማለት እኮ ሕዝቡ ባዶ እግሩን በረዶ ላይ ይቁም ማለት ነው! ልጆቹን ፍሉ ይይዛቸዋል፤ የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒው፣ እንደሆነ አፖይንትመንት የለውም!»

አንድ ጎረምሳ ታዲያ ጫማችንን አድርገን ለምን አንገባም ቢል በዓይን ብቻ ተገደለ። ጉባኤው ሳይወስን ተበተነ። እኔ ግን ዓርብ ዕለት ለሚስ ዊኒ ሁሉንም ነገርኳት፤ እናቴ ያለችውንም፣ በረዶውንም፣ እግሩንም። እናቴ ያለችውን ስትሰማ ቀና ብላ አየቻትና እጇን ያዘች፤ እግሩን ስትሰማ ደግሞ የሆነ ነገር ማሰብ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአርችዌይ ሐበሻ ሁሉ ያስታውሰዋል። የእንግሊዞቹ አሮጊቶች ካልሲ መሥራት ጀመሩ። በአውቶቡስ ላይ፣ በሐኪም ቤት ወረፋ፣ በስብከት መሐል ሳይቀር፣ እጃቸው ላይ ከተገኘ ክር ሁሉ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሠርተው በር ላይ ባለ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡልን ጀመር። ካህናቱ መክረው ካልሲ ጫማ አይደለም ብለው ወሰኑ። በሚቀጥለው እሑድ ነጭ የለበሱ እናቶቻችን ከቁርጭምጭሚት በታች እንደ መስከረም ሜዳ አብበው ቆሙ፣ ሂተሩም ዝቅ አለ። አቶ ዘሪሁን የደረሳቸው ሮዝ ነበር፤ ትንሽ አንገራግረው አደረጉት፣ ከዚያ በኋላም በሌላ ካልሲ ሲገቡ አላየናቸውም።

ቄሱም ኦርጋኑ ይጠገን አሉ፤ ሥራው እስከ ጸደይ ቆየ። ወናፉ ተፈታትቶ ወጣና መሐል ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ሴቶቻችን ከሥራ መልስ እየመጡ አሮጌውን ቆዳ ፋቁ፣ ሙጫው በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ድስት ውስጥ ቀልጦ ቤቱን ያንን ሽታ ሞላው። አለቃ ጥሩነህ ኩርፊያቸውን ረስተው ከኬን ጎን ተንበረከኩ፤ ኬን የት እንደሚታጠፍ ያሳያቸዋል፣ እሳቸው በራሳቸው ቢላ የቆዳውን ጠርዝ ያሳሱለታል፣ ሲሳሳቱም «ኖ፣ ኖ» ይላቸዋል፣ እሱ ሲሳሳት ደግሞ እሳቸው «ኖ፣ ኖ» ይሉታል። እማዬና ሚስ ዊኒ ጎን ለጎን ተቀምጠው እየፋቁ የዓርብ ወሬያቸውን ወደ ሌሎቹ ቀናትም አሻገሩት።

ኦርጋኑ መጀመሪያ የተሰማ ቀን የእኛ ሰዎች በጊዜ መጥተው ከኋላ በካልሲያቸው ቆመው ነበር። ሚስ ዊኒ ጀመረች። ከሥር የመጣው ወፍራም ድምፅ በድንጋዩ ወለል አልፎ እግራችን ሥር ሲደርስ እማዬ ክንዴን ጨብጣ ያዘች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዬ ደስታ ምን እንደሆነ ሳላጣራ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሚስ ዊኒ ሰሜን አልሄደችም። ጣቶቿ እምቢ እስኪሏት ድረስ ተጫወተች፤ ከዚያም ሆስፒታል ስትገባ እማዬ ካምደን ድረስ በየቀኑ እየሄደች፣ ነርሶቹ ምን ቋንቋ እንደሆነ እየተገረሙ፣ ስለ ሁሉም ነገር ታወራት ነበር።

አሁን ሚስ ዊኒ የለችም። አለቃም፣ ኬንም የሉም። ከበሯችን ሲቀደድ ጠጋኝ ጠፍቶ አዲስ በኢንተርኔት እናዛለን። ካልሲ የሚሠሩት እጆች አርፈዋል፤ ከእንግሊዞቹ የቀሩት ሁለት አግዳሚ አይሞሉም፣ መዝሙራቸውም ከድምፅ ማጉያ ይወጣል። ያኔ ዕቃ ቤት ውስጥ አብረውኝ የተማሩት ልጆች ግማሾቹ በየአገሩ ተበትነዋል፣ ያሉትም ሲያገኙኝ በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩኝ። ወናፉ ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ ኖሮ ነው አሁን የተሰነጠቀው፤ ወጣቷ ባለሙያ ዕድሜውን ጨርሷል እንጂ አልተበደለም አለችኝ።

እሑድ ዕለት በጋራ ተሰበሰብን። አዲሷ የእንግሊዞቹ ቄስ የድሮውን ጥያቄ ሳታውቀው ደገመችው፦ ይጠገን ወይስ ይነሣ? ይጠገን ለማለት ሁሉም ዝግጁ ነበር። ከዚያ ከእንግሊዞቹ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ የሚጫወተው ከሌለ ለማን ነው የሚጠገነው አሉ። ትክክል ነበሩ። በዕድሜዬ አንድም ቁልፍ ነክቼ የማላውቀው እኔ እጄን አወጣሁ። እማራለሁ አልኩ። ካምደን የሚኖር አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ሐሙስ ሐሙስ፣ ኦርጋኑ እስኪጠገን በአዳራሹ ፒያኖ፣ ሊያስተምረኝ ተስማማ።

ማታውኑ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። አሁንም እዚያው ፎቅ ላይ ናት፤ ጉልበቷ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ሳታይ፣

«እኔ ወለሉን ስወለውል ጣቶቿን እያየሁ ሁሉንም በልቤ እከተላት ነበር» አለች። «አንድ ቀን ነይ ሞክሪ ትለኛለች ብዬ ስንት ጊዜ ጠበቅኩ መሰለሽ። ሁሉንም ነገር ስናወራ ያንን ብቻ አልጠየቅኳትም።»

ሐሙስ ዕለት መምህሩ የአዳራሹን በር ሲከፍት የሚጠብቀው አንድ ተማሪ ነበር። ሁለት ሆነን ገባን።